የኳስ ተጫዋች ዘመንና የእኛ ኮንትራት

ውድ እህቶቼ፣ በአቡዳቢም በአል አይንም ያላችሁ፣ ይህችን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበላችሁ የምታነቡ፣ ማዳም ከተኛች በኋላ በሞባይል መብራት የምታነቡ፣ ሁላችሁም ሰላማችሁ ይብዛ።

ባለፈው ስንገናኝ «ሁልጊዜ የምግብና የጤና ትምህርት ብቻ ሆነ እኮ፣ እስቲ ሌላ ነገር አምጡ» ብላችሁ ነበር። ተራው የእኔ ስለሆነ ዛሬ ያመጣሁላችሁ ትምህርት ስለ ኳስ ተጫዋች ነው። አትሳቁ! «እሷ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ እኔ በሕይወቴ ኳስ መትቼ አላውቅም። ነገር ግን የሰው ሳሎን ሳጸዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ደግሞ ዓይኑ ካየ ልቡ መጠየቁ አይቀርም። ጠየቅሁ፣ ሰማሁ፣ አነበብኩ፤ ያገኘሁትንም ለእናንተ አመጣሁ።

በትምህርቱ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ ላይ የመወያያ ጥያቄዎች አሉ፤ ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ብትወያዩባቸው ይጠቅማል።

1. ዳር ላይ የሚቆመው ሰውዬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አቡዳቢ የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ አሜሪካ ተምሮ መጣ። ትምህርቱን ይዞ መጣ፣ ከትምህርቱ ጋር ግን አንድ ሱስም ይዞ መጣ፤ የአሜሪካን ፉትቦል። እሁድ እሁድ ማታ ከሦስትና ከአራት ሰዓት ጀምሮ፣ ሰው ሁሉ ሊተኛ ሲል እሱ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። እኔም ሻይና ለውዝ አቀርባለሁ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ መተኛት የለም።

መጀመሪያ ሳየው ጠብ መስሎኝ ነበር። ራስ ቁር ያጠለቁ ግዙፍ ሰዎች እየተንደረደሩ ይላተማሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራሉ። ኳሱ እንኳ ክብ አይደለም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ጫፍና ጫፉ ሹል ነው። ስሙ ፉትቦል ይባል እንጂ በእግር የሚመታው አልፎ አልፎ ነው፣ አብዛኛው ነገር በእጅ ነው።

አንድ ቀን «ይሄ ዳር ላይ ለብቻው የሚቆመው ቀጭኑ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ተጣልተውት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ስቆ ሲያበቃ አስረዳኝ። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ወደ ፊት ለመግፋት 4 ዕድል ይሰጠዋል። በ4ቱ ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ያልፋል። ያ ዳር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ዋይድ ሪሲቨር ይባላል። በእኛ ቋንቋ «ዳር ቆሞ ቀላቢ» ብንለው ይሆናል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ከቦታው በሩጫ ይወጣል። ስንት እርምጃ ሮጦ፣ በየት በኩል እንደሚታጠፍ አስቀድሞ በቃሉ አጥንቶታል። ወርዋሪው ደግሞ ኳሱን የሚለቀው ብዙ ጊዜ ቀላቢው ገና ዞር ብሎ ሳያይ ነው። ኳሱ የሚላከው ቀላቢው አሁን ወዳለበት ቦታ ሳይሆን፣ ትንሽ ቆይቶ ወደሚደርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ መንገዱን ያላጠና ቀላቢ የቱንም ያህል ቢፈጥን ኳሱ ባዶ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ሌላም አለ። ኳሱ በሚደርስበት ቅጽበት ተከላካዩ ከኋላ ሊጥለው ይደርሳል። ቀላቢው ኳሱን ነክቶ ከለቀቀው አይቆጠርለትም። ቢመቱትም፣ ቢገነድሱትም ይዞት መውደቅ አለበት።

ይህችን ነገር ያዙልኝ እህቶቼ፤ መቅለብ ሌላ፣ ይዞ መውደቅ ሌላ። ቆይቼ እመለስባታለሁ።

2. የግንበኛው ልጅ

«ከቀላቢዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ማነው?» አልኩት። ጄሪ ራይስ አለኝ።

ጄሪ ራይስ በ1962 ሚሲሲፒ በምትባለው ደቡባዊ የአሜሪካ ግዛት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር። ልጆቹም በበጋው ሙቀት ከአባታቸው ጋር እየሄዱ ይሠሩ ነበር። ወንድሙ ጡቡን ከታች ይወረውራል፣ እሱ ከላይ ሆኖ በእጁ ይቀልባል። አንድ ሁለት አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ። በኋላ በዓለም የታወቁት እጆቹ ጡብ ሲቀልቡ የኖሩ እጆች ናቸው። ልጁ ይህን ሲነግረኝ የራሴን እጅ አየሁት። የክሎር ሽታ ያልለቀቀው እጄን። እስከዚያ ቀን ድረስ እጄ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልፈለጉትም፤ የተጫወተው በአንድ አነስተኛ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ የሚባለው ቡድን በ16ኛ ምርጫ ወሰደው። የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ብዙ ኳስ ከእጁ እያመለጠው ሕዝቡ ጮኾበታል። እሱ ግን ሌሎቹ ሲያርፉ ዳገት እየሮጠ ራሱን አጠነከረ። በ1997 ጉልበቱ ተጎድቶ ተመልሷል። 20 የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ2005 በ42 ዓመቱ አቆመ። በዚህ ጊዜ 1,549 ኳስ ቀልቧል፣ 3 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ኳስ ቀልቦ የሄደው መንገድ ሲደመር 22,895 ያርድ ነው፤ ወደ 21 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እኛ የኃይሌ አገር ሰዎች ነንና 21 ኪሎ ሜትር ግማሽ ማራቶን ናት፣ አታስደንቀንም። ይህ ሰው ግን ያንን ግማሽ ማራቶን የጨረሰው በ20 ዓመት ነው፣ እያንዳንዷን እርምጃ ሊጥለው የሚያባርረው ሰው ከኋላው እያለ።

3. እሱ ግን አንድ ነው

የጄሪ ራይስ ታሪክ ደስ ይላል፣ ግን እንዳያታልለን። እንደሱ 20 ዓመት የሚጫወት ከስንት አንድ ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር ስለ አማካይ የመጫወቻ ዘመን የሚሰጠው ቁጥር ከ3 ዓመት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አስቡት! ከልጅነት ጀምሮ ሲለማመዱ ኖረው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ያልቃል። አንዱ ጉልበቱ ይሄዳል፣ አንዱ ጭንቅላቱን ይመታል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይሆን ከእሱ የሚያንስ ደመወዝ የሚቀበል ወጣት ይመጣበታል። ኮንትራቱ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ሁሉም ዋስትና ያለው አይደለም፤ ከተሰናበተ ያልተከፈለው ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ገንዘቡስ? ገንዘቡ ለእኛ በሕልም እንኳ የማይታይ ነው። ሆኖም በ2015 የወጣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ጥናት ከ1996 እስከ 2003 ወደ ሊጉ የተመረጡትን ተጫዋቾች ተከታትሎ ነበር። ከመቶው ወደ 16ቱ ጨዋታ ባቆሙ በ12 ዓመት ውስጥ ከስረናል ብለው ለፍርድ ቤት አመልክተዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። ብዙ ዓመት የተጫወቱትና ብዙ ያገኙትም ጥቂት ካገኙት እምብዛም አልተሻሉም። ስለዚህ «ትንሽ ስለምናገኝ ነው የማይተርፈን» የምንለው ነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን እንደገና መታሰብ አለበት።

በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚገባ ገንዘብ የራሱ ጠባይ አለው። ሁልጊዜ የሚመጣ ይመስላል። ዙሪያህ ያለው ሰውም ሁልጊዜ የሚመጣ ይመስለዋል። የሚያቆምበትን ቀን ማንም አይናገርም።

4. የራሴ ኳስ

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ለመናገር ከብዶኝ ነበር፣ ግን ሳልናገር ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል።

እኔ አል አይን የመጣሁት በ2004 ነው። ደመወዜ 600 ድርሃም ነበር። በአራት ዓመት 28,800 ድርሃም ማለት ነው። ከዚያ ላይ ለራሴ የማስቀረው የስልክ ካርድና የጸጉር ቅባት መግዣ ብቻ ነበር። የቀረው በየወሩ በታላቅ ወንድሜ ስም ይሄዳል። ቤት እየተሠራልኝ ነው። ስደውል «መሠረቱ ወጥቷል» ይለኛል። ሌላ ጊዜ «ግድግዳው ቆሟል»፣ ሌላ ጊዜ «ቆርቆሮ ብቻ ነው የቀረው»። እኔም ማታ ማታ ተኝቼ በዚያ ቤት ውስጥ ዕቃ አስቀምጥ ነበር። ቡፌው በዚህ በኩል፣ አልጋው በዚያ በኩል እያልኩ።

በ2008 አገር ቤት ገባሁ። ቦታው ላይ ያገኘሁት የተቆለለ ድንጋይና የጎረቤት ጥጃ ነው። ጥጃው ታስሮበታል።

ወንድሜ ሌባ አይደለም። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ሌባ አይደለም። አባታችን ታሞ ነበር፣ ታክሞበታል። ታናሽ እህቴ ተድራበታለች። ያን ዓመት የእህል ዋጋ ሰማይ ደርሶ ነበር፣ ተበልቶበታል። «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው «በሰው አገር እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለኝ። እኔስ? እኔም እኮ ዋሽቼዋለሁ። ማታ ሰባት ሰዓት ተኝቼ አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሳሁ «ደህና ነኝ፣ ማዳም እንደ ልጇ ነው የምታየኝ» ብዬዋለሁ። ሽሮዬ አልቆ ባዶ ሩዝ እየበላሁ «ሁሉ ነገር ሞልቶልኛል» ብዬዋለሁ። እሱ የሞላለት ሰው ዘንድ ነው የሚጠይቀው። በዚህ ላይ አንድ ቀን እንኳ «የቤቱን ፎቶ ላክልኝ» አላልኩም። ያላመንኩት እንዳይመስለው ፈራሁ። እርስ በርስ እየተዛዘንን ተዋሸን፣ አራት ዓመቱም ሄደ።

እህቶቼ፣ እኔ ኳሱን ቀልቤያለሁ። በጸሐይም በጭስም ቀልቤያለሁ። ግን ይዤ አልወደቅኩም። በ2009 ተመልሼ አቡዳቢ መጣሁ፣ «ሀ» ብዬ ጀመርኩ።

5. እዚሁ አጠገባችን የነበሩ

አሜሪካ ሩቅ ነው፤ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አል አይን ያላችሁ ሐምራዊ ማልያ የለበሱ ልጆች መኪና ላይ ሆነው ሲጨፍሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ቡድን ውስጥ ከ1998 እስከ 2000 የተጫወተ አንድ ትልቅ አፍሪካዊ አለ፤ ጋናዊው አቤዲ ፔሌ። እኔ ስመጣ እሱ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የቤቱ ሾፌር ሱዳናዊ ግን ስለሱ ሲያወራ መሪውን ሁሉ ይለቅ ነበር።

አቤዲ ፔሌ በ1982 ጋና የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ በቡድኑ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ዓመት ወደ ኳታር ሄደ። ስለዚህ እሱም እንደኛ ስደቱን የጀመረው ዓረብ አገር ነው። በኋላ ፈረንሳይ ገብቶ ከማርሴይ ጋር በ1993 የአውሮፓን ዋንጫ አገኘ፤ ለአሸናፊዋ ግብ የማዕዘን ምቱን ያሻገረው እሱ ነበር። ከ1991 እስከ 1993 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የአፍሪካ ኮከብ ተባለ። የመጨረሻ ዓመታቱን በአል አይን ተጫውቶ ሲያቆም ወደ አገሩ ተመለሰና ናኒያ የሚባል የራሱን ቡድን አቋቋመ። ልጆቹ አንድሬ አዩና ጆርዳን አዩም ለጋና የተጫወቱ ስመ ጥር ሆነዋል። እግሩ ሲደክም የሚያውቀውን ለሌላ እግር አስተላለፈ ማለት ነው።

አቡዳቢ ደግሞ ከ2001 እስከ 2003 በአል ጀዚራ ቡድን የተጫወተው ላይቤሪያዊው ጆርጅ ዌያ ነው። በ1966 የተወለደው ጆርጅ ያደገው ሞንሮቪያ ውስጥ በድሃ ሰፈር፣ በአያቱ እጅ ነው። ኳስ እንጀራ ሳይሆነው በፊት የአገሩ የስልክ ድርጅት ውስጥ የስልክ ቴክኒሽያን ነበር። በ1988 ሞናኮ ገባ፣ ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ ሚላን። በ1995 የዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚባልበትን የወርቅ ኳስ ሽልማት ወሰደ። እስከ ዛሬ ይህን ሽልማት ያገኘ ሌላ አፍሪካዊ ወንድ ተጫዋች የለም።

እኔን የገረመኝ ግን ኳሱን ካቆመ በኋላ ያደረገው ነው። በ2005 ለአገሩ ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረና በኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፈ። ያኔ ሰው ሁሉ «ያልተማረ» እያለ ይነቅፈው ነበር። እሱ ምን አደረገ? በአርባ ዓመቱ ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። ቀጠለና አሜሪካ ውስጥ በንግድ አስተዳደር ዲግሪ ያዘ። በ2014 ሴናተር ሆነ፣ በጥር 2018 ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2023 ምርጫ ሲሸነፍም ሽንፈቱን ተቀብሎ በጥር 2024 ሥልጣኑን አስረከበ። ስለ አስተዳደሩ የሚወቅሱት አሉ፣ የሚያመሰግኑት አሉ፤ እሱ የላይቤሪያውያን ጉዳይ ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ግን የዓለም ኮከብ ተብሎ ሲያበቃ በአርባ ዓመቱ ደብተር ለመያዝ አለማፈሩ ነው። ከእኛ መካከል «አሁን በዚህ ዕድሜዬ ምን እማራለሁ» የምትል የለችም? እኔ ራሴ ስል ነበር።

6. የእኛው ሉቺያኖ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ጥር 1954 በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጅ ጥር 1962፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ለእስካሁኑ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ቀን ግብ ካገቡት አንዱ ነበር። ከጃንሆይ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ግን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ጨዋታ አግብቷል።

ሉቺያኖ በ1935 አስመራ የተወለደ ነው። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር፤ ያደገው ግን አባት ሳይኖረው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ መካኒክነት ተማረ። በኋላም ለድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ተጫውቷል። በዚያ ዘመን ኳስ ብቻውን እንጀራ አይሆንም ነበር፤ ተጫዋቹ ሁሉ ሌላ ሥራ ነበረው። ዋንጫ ያነሳው እጅ ሞተር የሚፈታ እጅ ነበር።

ደርግ ከመጣ በኋላ በ1978 አገሩን ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወጣና ጣሊያን ገባ። እዚያ ሲደርስ «የአፍሪካ ዋንጫ አምበል ነኝ» ብሎ ቢናገር ማን ዳቦ ይሰጠዋል? የሰጠው መካኒክነቱ ነው። ሮም አጠገብ ኦስቲያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጋራዥ ከፍቶ ኖረ። በመስከረም 2022 በ87 ዓመቱ እዚያው አረፈ።

እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ክብሩ አገር ቤት ቀረ፣ ዋንጫው አገር ቤት ቀረ፣ ስሙ እንኳ ብዙ ጊዜ ተረሳ። አብሮት ድንበር የተሻገረው እጁ የሚያውቀው ሙያ ብቻ ነበር። ገንዘብ ይወሰዳል፣ ቤት ይቀራል፣ ሙያን ግን በየትኛውም ኬላ አይቀሙም።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

ሀ. መንገዱን አስቀድመን እንወቅ። ቀላቢው ኳሱ የሚመጣበትን ቦታ ሳያውቅ አይሮጥም። እኛ ግን ብዙዎቻችን «እግዜር ያውቃል» ብለን ነው የምንሮጠው። ስንት ዓመት ነው የምንሠራው? ለምን? ስንት ድርሃም ሲሞላ ነው «በቃኝ» የምንለው? በወረቀት ይጻፍ። እኔ በ2009 ስመለስ ደብተር ገዝቼ ጻፍኩ። አንዳንዱን ዓመት አልሞላልኝም፣ ግን ምን ያህል እንደጎደለኝ አውቅ ነበር።

ለ. ይዘን እንውደቅ። ደመወዝ በገባ ቀን መጀመሪያ የራሳችን ድርሻ ይለይ፤ ቤተሰብ ከቀሪው ይላክለት። አሥር ከመቶም ቢሆን። አገር ቤት በራሳችን ስም የባንክ ሒሳብ ይኑረን፣ ለእረፍት ስንሄድ እንክፈት። ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ስንሰጥ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ እንጂ «ለሁሉም ነገር» አይሁን። ቤት እየተሠራ ነው ከተባለ ፎቶ እንጠይቅ። ፎቶ መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ። ዕቁብ የምትጥሉም ከምታውቋቸው ሰዎች ጋር ብቻ ይሁን።

ሐ. ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ሲለቀቅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 100 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። ለዓመታት በብር አጠራቅመው የነበሩ ስንቶች ደነገጡ! ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ግን ከሉቺያኖ የተማርነው ለዚህ ነው፤ ከገንዘቡ ጎን ሙያ ይኑር። ስፌት ቢሆን፣ ጸጉር ቢሆን፣ ኬክ ቢሆን፣ ኮምፒውተር ቢሆን። ደግሞ ያለንን አንናቅ። የታመመ አዛውንት መንከባከብ፣ ሕፃን ማሳደግ፣ ለሠላሳ እንግዳ በሁለት ሰዓት ምግብ ማድረስ፣ ዓረብኛ መናገር፣ ይሄ ሁሉ የእኛ ጡብ ነው። አንዲት እህታችን እዚህ የተማረችውን የዓረብ ጣፋጭ አሁን አዲስ አበባ እየሠራች ለሠርግ ታቀርባለች። ማንም አላስተማራትም፣ ቆማ እያየች ነው የተማረችው።

መ. ጉልበታችንን እንጠብቅ። ተጫዋች ጉልበቱ ሲያመው ሐኪም ሮጦ ይገባለታል። እኛ በጉልበታችን ተንበርክከን ደረጃ ስናጥብ የሚሮጥልን የለም። የእኔ የቀኝ ጉልበት ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያውቃል፤ አቡዳቢ ደግሞ ዝናብ ብርቅ ነው። ስለዚህ መብታችንን እንወቅ። በ2022 የወጣው የኤሜሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት (ከዚያም 8ቱ ሳይቋረጥ)፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፓስፖርታችንም በእጃችን እንዲሆን ይላል። ሕጉ ወረቀት ላይ መኖሩና በየቤታችን መኖሩ አንድ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ቢሆንም የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ አነጋገሩ ይለያል። ረጋ ብላችሁ፣ ማዳም ደስ ያላትን ሰዓት ጠብቃችሁ ጠይቁ።

ሠ. ለቤተሰብ እውነቱን እንንገር። ይሄ ከሁሉ ይከብዳል። «ደህና ነኝ» ማለት ለምደናል። ግን ደመወዛችን ስንት እንደሆነ፣ ኮንትራታችን መቼ እንደሚያልቅ፣ ምን እንደሚያመን ካልነገርናቸው እንዴት ይዘኑልን? በ2010 ወንድሜን ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ የምተኛበትን ሰዓት እንኳ ሳይቀር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ «እኔ እኮ የዓረብ ቤት ሁሉ እንደ ሆቴል ነው የሚመስለኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳያስፈልገው ጠይቆኝ አያውቅም። ያ የተቆለለ ድንጋይም በኋላ ቤት ሆኗል፤ ሁለት ክፍል ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን የፎቶዋ ብዛት ስልኬን ሞልቶታል።

ማጠቃለያ

የተጫዋች ዘመን አጭር ናት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ግን ረጅም ነው። የእኛም እንደዚያው ነው። ማንም ሰው በሰባ ዓመቱ የሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ አይኖርም። ጭብጨባ የለንም፣ ዳኛ የለንም፣ ስማችን የተጻፈበት ማልያ የለንም። ሆኖም በእያንዳንዱ ወር መጨረሻ ኳስ ወደ እኛ ትወረወራለች። ሁለት እጃችንን ዘርግተን እንቅለባት፣ ደረታችን ላይ አጥብቀን እንያዛት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኮንትራትሽ መቼ ያልቃል? ካለቀ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ምን ስትሠሪ ራስሽን ታያለሽ?
2. እዚህ ከመጣሽ በኋላ እጅሽ የተማረውን ሦስት ነገር ጻፊ። አንዱ አገር ቤት እንጀራ ይሆናል?
3. ለቤተሰብሽ ያልነገርሽው እውነት ምንድነው? ብትነግሪያቸው ምን ይለወጣል?
4. ከጄሪ ራይስ፣ ከአቤዲ ፔሌ፣ ከጆርጅ ዌያና ከሉቺያኖ ቫሳሎ ለአንቺ የሚቀርብሽ ማነው? ለምን?

ማንበብ ለሚከብዳት እህት ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ከጨረሳችሁ ወረቀቱን አትጣሉ፣ ለሚቀጥለው ቤት አሳልፉ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።

እህታችሁ፣ ከአቡዳቢ